«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

ሌላውን ከመሄሳችን በፊት ራሳችንን እንሂስ። ባለፈው ወር በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ የሌላ ቡድን ፍላሽ ያጠፋነው እኛ ነን። አልሰረቅነውም፣ አልጣልነውምም፤ ቁጭ ብለን፣ በገዛ እጃችን፣ አንዲት ፊደል ተሳስተን ባዶ አስቀረነው። ጓደኞቻችን ለተግባር ልምምድ በወጡበት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ሲያነቡ የቀዱት ድምፅና የ3 ሳምንት የትምህርት ዕቅድ ነበረበት። በማግስቱ በክፍሉ በር ላይ «ሰልጣኞች ተርሚናል መክፈት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ማስታወቂያ ነው። ጥፋተኞቹ እኛ ሆነን ሳለ ክልከላው ልክ አይደለም ብለን መጻፋችን ዓይን አውጣ ሊያሰኘን እንደሚችል እናውቃለን። ቢሆንም እስቲ እስከ መጨረሻው ታገሡንና ፍረዱ።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነው። ለልምምድ ከመውጣታችን በፊት ቡድናችን አዋጥቶ አንድ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዛ። ያገለገለ ነበር፤ አዲስ የሚገዛ ኪስ የት አለን! የፊተኛው ባለቤት ዲስኩን ለሁለት ከፍሎታል፤ አንዱ ትንሽ ክፍል፣ ሌላው ሰፊ። በተቋማችን ኮምፒዩተሮች ላይ ያለው ኡቡንቱ ስለሆነ ሁለቱም ክፍሎች ያለ ችግር ይከፈቱልን ነበር፤ እኛም ሳናስብ ክፍል ውስጥ ስናስተምር የተቀረጽነውን ቪዲዮ በሙሉ ሰፊው ላይ ደረደርን።

አንድ ቀን ዕቅዳችንን ልናሳትም ከተማ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒዩተር ሱቅ ዲስኩን ይዘን ሄድን። የሱቁ ማሽን ዊንዶውስ ነበር። ዲስኩ እንደተሰካ ትንሹ ክፍል ተከፈተ፤ ለሰፊው ግን «ከመጠቀምዎ በፊት ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ብቅ አለ። ልጁ ምንም ሳይጨነቅ «ይኼ ሞቷል፤ ፎርማት ይደረግ» አለና ማውሱን ወደ ቁልፉ ወሰደው። ከመካከላችን አንዷ «ኧረ ቆይ!» ብላ ገመዱን ነቀለችው። እንዲህ መንቀል ነውር ነው፤ በኋላ እንደተማርነው ዲስክ ሊጎዳ ይችላል፤ የዚያን ቀን ግን ያዳነን እሱ ነው።

ተቋማችን ስንመለስ ነፃ የነበረው ማሽን ያ በጥግ ያለው አሮጌው ብቻ ነው። ሥዕላዊ ገጽታው አይነሣም፤ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው ያለው። ከመምህሮቻችን አንዱ ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡና «እስቲ መጀመሪያ ማን እንደመጣ እንጠይቀው» ብለው አንድ ቃል ጻፉ፦ ኤልኤስቢኤልኬ። (ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደላችን በድምፃቸው ጽፈናቸዋል፤ ማሽኑ ላይ በላቲን ነው የሚጻፉት። የላቲኑን አጻጻፍ የፈለገ እኛን ይጠይቅ፤ እስኪሰለቸን ጽፈነዋል።)

ስክሪኑ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ወጣ። ኤስዲኤ የሚል መስመር ነበር፤ መጠኑ 465.8 ጊጋ፤ ከሥሩ ኤስዲኤ1 እና ኤስዲኤ2። ቀጥሎ ኤስዲቢ፤ መጠኑ 931.5 ጊጋ፤ ከሥሩ ኤስዲቢ1፣ 200 ጊጋ፤ ኤስዲቢ2፣ 731.5 ጊጋ። መምህሩ ምንም አላስረዱንም። «የትኛው ነው የእናንተ?» ብቻ አሉን። ዝም አልን። 1 ቴራ ነው የገዛነው፣ 931 የሚል ዲስክ ከየት መጣ? ሻጩ አታሎን ይሆን? በኋላ እንደገባን ማንም አላታለለንም። ፋብሪካው ጊጋን የሚቆጥረው በሺህ እያባዛ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል፤ አንዱ ዲስክ በሁለት ሚዛን ተመዘነ እንጂ የጎደለ ነገር የለም። ስለዚህ 931.5 የሚለው የእኛው ነው፤ 465.8 የሚለው ደግሞ የማሽኑ የራሱ ባለ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነው። ለዚህ ሌላም ማስረጃ አለ፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ከኤስዲኤ2 ትይዩ አንዲት ስላሽ ተጽፋለች። ሲስተሙ የቆመበት ሥር እሱ ነው ማለት ነው። ከእኛ ዲስክ ትይዩ ግን ባዶ ነበር። መጥቷል፣ ታውቋል፣ ገና ቦታ አልተሰጠውም።

መምህሩ ቀጥለው በዚያው ትዕዛዝ ላይ «-ኤፍ» ጨመሩበት። ያኔ የእያንዳንዱ ክፍል ፋይል ሲስተም ተዘረዘረ፤ ትንሹ ኤክስፋት፣ ሰፊው ኤክስት4። የሱቁ ነገር ያኔ ፍንትው ብሎ ታየን። ኤክስት4 የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ነው፤ ዊንዶውስ ብቻውን አያነበውም። ማንበብ ሲያቅተው ግን «አላውቀውም» አይልም፤ «ፎርማት ይደረግ» ነው የሚለው። ይህ ለእኛ ለመምህራን እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ሕፃኑ በቤቱ ቋንቋ አሟልቶ መልሶልን እኛ ቋንቋውን ስለማናውቅ ብቻ ደብተሩ ላይ ዜሮ ብንጽፍ ምን ይባላል? ዲስኩ አልሞተም ነበር። አንባቢው ነው ያልቻለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው። አንድ ባዶ ፎልደር ተፈጠረ፤ ከዚያም «ሱዶ ማውንት -ኦ አርኦ» ተብሎ፣ በመቀጠል የክፍሉ ስም ማለትም /ዴቭ/ኤስዲቢ2፣ በመጨረሻም የባዶው ፎልደር አድራሻ ተጻፈ። «አርኦ» ማለት ለንባብ ብቻ ማለት ነው፤ ያለውን እናያለን እንጂ በስህተት ልንጽፍበት ወይም ልናጠፋበት አንችልም። ማሽኑ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። በዚህ ዓለም ዝምታ ማለት ተሳክቷል ማለት መሆኑን አናውቅም ነበርና ደነገጥን። ፎልደሩን ስንከፍት ቪዲዮዎቻችን ሁሉ እንደተደረደሩ ናቸው። ያቺ ገመዱን የነቀለችው ጓደኛችን አለቀሰች፤ ስሟን አንጠቅስም።

ማውንት ስለሚለው ቃል ትንሽ እንበል። በአማርኛ «መጫን» ብንለው ፕሮግራም ከመጫን ጋር ይምታታል፤ ስለዚህ ሁላችንም ማውንት ማድረግ እያልን ቀርተናል። ቃሉ ግን የመጣው ከእውነተኛ ጭነት ነው። የዩኒክስ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ሲጀመር፣ በዚያ ዘመን የነበሩት የቴፕ ጥቅሎችና የዲስክ ክምሮች በሠራተኛ እጅ ተነሥተው ማሽኑ ላይ የሚጫኑ ነበሩ። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ይኸው አሠራር አብሮ መጣ። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እያለ የየራሱን በር ይሰጣል። በዩኒክስ ዘንድ ግን ያለው ዛፍ አንድ ብቻ ነው፤ እንግዳው ዲስክ በአንድ ባዶ ፎልደር ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይቀጠላል። ፎልደሩ ባዶ ካልሆነስ? ቀድሞ የነበረው ይሸፈናል፤ ዲስኩ ሲወርድ ተመልሶ ይታያል። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ጊዜ የራሳችንን ፎልደር ሸፍነን «ፋይላችን ጠፋ!» ብለን ግማሽ ቀን ተተራምሰናል።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ግን ጠገብን። በሳምንቱ «ተርሚናል እናውቃለን» እያልን በየኮሪደሩ መታየት ጀመርን፤ የጥጉን ማሽን የይለፍ ቃልም መምህሩ አምነው ሰጥተውን ነበር። ከመካከላችን አንዱ ኡቡንቱን በራሱ ላፕቶፕ ላይ ለመጫን ፈልጎ የመጫኛውን ፋይል ወደ ፍላሹ ሊጽፍ ተነሣ። ለዚህ የሚያገለግለው ዲዲ የሚባል ትዕዛዝ ነው። ዲዲ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የተባለውን ዲስክ ከመጀመሪያዋ ባይት ጀምሮ እየደመሰሰ ይጽፋል። ልጃችን «ከውጭ የሚሰካው ኤስዲቢ ነው» የሚለውን ካለፈው ሸምድዶታል። አላየም። በዚያች ሰዓት የሌላው ቡድን ፍላሽ ቀድሞ ተሰክቶ ስለነበር ኤስዲቢ የተባለው የእነሱ ነው፤ የእሱ ኤስዲሲ ሆኗል። ቁልፉን ተጫነው፤ እኛም ከጀርባው ቆመን እያየን አበረታታነው። ስለዚህ ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም። በኋላ ፎቶሬክ በሚባል ፕሮግራም ከድምፁ ጥቂቱን አወጣን፤ ግን ስም የሌለው፣ ተራው የተዘበራረቀ ሆኖ ነው የወጣው።

ለመሆኑ ስህተቱ የት ላይ ነው? ኤስዲቢ ስም አይደለም፤ የወረፋ ቁጥር ነው። ማሽኑ መጀመሪያ ያገኘውን ኤ፣ ቀጥሎ ያገኘውን ቢ እያለ ነው ፊደል የሚያድለው። ዛሬ ቢ የተባለ ነገ ሲ ሊሆን ይችላል። እኛም ለልምምድ በወጣን በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን «አንተ ከፊት ያለኸው፣ አንቺ ሦስተኛዋ» እያልን ስንጠራ፣ በማግስቱ ቦታ ተቀያይረው ሲጠብቁን የበግ ልጇን ያጣችውን ሴት መስለናል። የስም መዝገብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዲስክም የስም መዝገብ አለው። አንደኛው ሌብል ነው፤ ባለቤቱ ራሱ የሚሰጠው አጭር ስም። ሁለተኛው ዩዩአይዲ ይባላል፤ ክፍሉ ፎርማት ሲደረግ የሚሰጠው ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ዲስኩ የትም ቢሰካ አብሮት ይሄዳል፤ እንደገና ፎርማት ካልተደረገ በቀር በራሱ አይለወጥም። ሁለቱንም ያ «-ኤፍ» የተጨመረበት ትዕዛዝ ያሳያል። ከጓደኞቻችን ፍላሽ ትይዩ ሌብሉ፣ የቡድናቸው ስም፣ ተጽፎ ይታይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብናይ ኖሮ!

እንግዲህ ወደ ማስታወቂያው እንመለስ። የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊዎች ለምን እንደከለከሉ ይገባናል፤ በቦታቸው ብንሆን በንዴት እኛም እንለጥፈው ነበር። ይሁን እንጂ ክልከላው ማየትንና መንካትን አንድ ላይ ጠቅልሎ አሠረ። ኤልኤስቢኤልኬ ብሎ ሠንጠረዡን ማንበብ ምንም ነገር አያጠፋም፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለትም ሱዶ እንኳ አይጠይቅም። የሚያጠፋው መጻፍ ነው። እኛ ያጠፋነው ተርሚናል ስለከፈትን ሳይሆን ከፍተን ሳናይ ስለጻፍን ነው። አሁን ማየቱም ተከለከለና ሰልጣኙ ዲስኩ አልከፈት ሲለው የቀረው መንገድ ከተማ መውረድ፣ እዚያም «ፎርማት ይደረግ» መባል ብቻ ሆነ። ልብ በሉ፤ በሱቁ ለጥፋት የቀረው ጥቂት የማውስ ጠቅታ ነበር፤ ያውም በሥዕላዊው ገጽታ!

አንዳንድ ወገኖች ደግሞ «እኛ መምህራን እንጂ ቴክኒሺያን አይደለንም፤ ሥዕሉን ጠቅ አድርጎ መክፈት መች አነሰን?» ይላሉ። በእርግጥ አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉን ጠቅ ማድረግ ይበቃል፤ እኛም በሰላሙ ቀን የምናደርገው እሱኑ ነው። ሐቁ ግን ሥዕሉ ዝም ባለ ጊዜ ምን እንደሆነ አይናገርም። ለሁለተኛው ዙር ልምምድ በወጣንበት ትምህርት ቤት የትምህርት ቪዲዮዎች የያዘ ኤክስተርናል ዲስክ በርዕሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት አገኘን። «ተበላሽቷል፤ አይከፈትም» ተባልን። በፈቃዳቸው ከትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ሰካነው። እዚያም ሥዕሉ አልመጣም። ሠንጠረዡን ስናወጣ ኤስዲቢ1፣ 16 ሜጋ፤ ኤስዲቢ2፣ ቀሪው ሁሉ። እኛም ችኩሎች ነንና መጀመሪያ ኤስዲቢ1ን ማውንት ልናደርግ ሞክረን «የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ትክክል አይደለም» የሚል ስህተት አገኘን። ለካ ያቺ 16 ሜጋ ማይክሮሶፍት ለራሱ የሚያስቀራት ክፍል ናት፤ ፋይል የላትም። ሁለተኛው ክፍል ኤንቲኤፍኤስ ነበር፤ ለንባብ ብቻ ብለን ስንጠይቀው ተከፈተ። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ይኼ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?» አሉ። ያንን ትምህርት ቤት የሚደርስለት ቴክኒሺያን የለም፤ ነገ የምንመደበው ደግሞ እንዲህ ባለው ነው።

መምህሮቻችንንም በአክብሮት አንድ ነገር እንጠይቃለን። በኮምፒዩተር ትምህርታችን «ፓርቲሽን ማለት ምን ማለት ነው?» ተብለን በፈተና ተጠይቀናል፤ ሁላችንም ማለት ይቻላል መልሰናል። ከመላሾቹ ውስጥ ግን አንድ ፓርቲሽን በዓይኑ አይቶ ስሙንና መጠኑን አንብቦ የሚያውቅ ስንት ነበር? እኛ አልነበርንም። ለሕፃናት «በእጃችሁ ነክታችሁ ተማሩ» በሉ እየተባልን በምንሠለጥንበት ቤት ይህ ትንሽ ያሳፍራል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የጥጉ አሮጌ ማሽን ለልምምድ ይተውልን። ውስጡ የማንም ሥራ የለም፤ ቢበላሽም እንደገና ይጫናል። በሌሎቹ ማሽኖች ላይ ሱዶ ተዘግቶ ይቆይ፤ ማየት ብቻ ይፈቀድ። በነዚያ ላይ በውጭ የሚሰካን ዲስክ ያለ ሱዶ ማውንት የሚያደርግ ዩዲስክስሲቲኤል የሚባል ትዕዛዝም ስላለ ለዕለት ሥራ እሱ ይበቃናል። መጻፍ የሚጠይቅ ትዕዛዝ ሲኖር ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን አይጻፍ፤ አንዱ ከስክሪኑ ላይ መጠኑንና ሌብሉን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው በእጁ ከያዘው ፍላሽ ጋር ያመሳክር፤ ከዚያ ነው ሦስተኛው ቁልፉን የሚነካው። ይህን እኛ አሁን በቡድናችን ውስጥ እየሠራንበት ነው፤ ሰው ሲያየን ይስቃል፣ ይሳቅ። እያንዳንዱ ቡድንም ለዲስኩና ለፍላሹ ሌብል ይስጥ። ላዩ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ የሚጻፈው ስም ለሰው ዓይን እንጂ ለማሽኑ አይታየውም።

ስለ መንቀልም ሳንናገር ብናልፍ ከሱቁ ቀን ምንም አልተማርንም ያሰኛል። ማሽኑ የጻፍነውን ሁሉ ወዲያው ዲስኩ ላይ አያሠፍርም፤ ጥቂቱን በማስታወሻው ይዞ ያቆየዋል። «ተቀድቷል» ብለን ብንነቅለው የመጨረሻው ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዩማውንት ይባላል፤ በላቲን ሲጻፍ ከመጀመሪያዋ ዩ ቀጥላ ትመጣለች የምንላት ኤን የለችበትም፤ የት እንደገባች አትጠይቁን። አንዳንዴ «ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እኛው ነን፤ በተርሚናሉ እዚያው ፎልደር ውስጥ ቆመን ነው ውረድ የምንለው፤ የተቀመጡበትን ቅርንጫፍ እንደ መቁረጥ ማለት ነው። ከፎልደሩ ወጥቶ እንደገና መሞከር ነው። ትዕዛዙ በዝምታ ሲመለስ ያኔ ይነቀላል።

የፍላሹን ባለቤቶች በተመለከተ፦ የ3 ሳምንቱን ዕቅድ ከእጅ ጽሑፋቸው ላይ እያየን እኛ እንደገና ጽፈንላቸዋል። ድምፁን ለመቅዳት ባለፈው ቅዳሜ ከእነሱ ጋር ወደዚያው ትምህርት ቤት ሄደን ነበር፤ ከልጆቹ የመጡት 11 ብቻ ናቸው፤ የቀሩትን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቀዳለን። ለጥጉ ማሽን ልምምድ የሚሆን አንድ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ አዋጥተን ገዝተናል፤ ሌብሉን «ልምምድ» ብለነዋል። የክፍሉ ኃላፊ ጋ አስቀምጠነዋል፤ ማስታወቂያው ሲነሣ ለሁሉም ነው።